የእህቴ ልጅ ተረከዝ

ቅናት የአንድ ቀን ልጅ ተረከዝ ላይ ሊቀመጥ እንደሚችል ማንም አልነገረኝም። እኔ የማውቀው ቅናት በባል ነው፣ በመሬት ነው፣ ቢበዛ በልብስ ነው። እኔን ያገኘኝ ግን በሥራዬ ላይ ነው፤ ያውም የምስር ፍሬ በምታህል የደም ጠብታ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። በስማዳ፣ ከወገዳ ወዲህ ባለች፣ ገበያዋ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በሚደምቅ ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። በዚያ አገር ዛሬ ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት ከሚሄዱት ልጆች ብዙዎቹን ወደዚህ ዓለም የተቀበልኋቸው በእነዚህ እጆች ነው። ለቅሶ ቤት ስገባ ቦታ ይለቀቅልኛል። መንገድ ላይ ሳልፍ ሴቶች ከአረም ቀና ብለው ሰላም ይሉኛል። ይህን የምናገረው ልኮራ ብዬ ነው፤ ምን ያህል እኮራ እንደነበር ያላወቀ ሰው የቀረው ነገር አይገባውም።

ከዚያ ያች ልጅ ተመድባ መጣች። የእስቴ ልጅ ናት፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ደቃቃ ነች፣ ድምጿ አይሰማም፣ የመድኃኒት ቁምሳጥናችንን የላይኛውን መደርደሪያ ለመንካት ወንበር ላይ ትወጣለች። እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ ያለቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ሁለት ዓመት ሠርታለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ትለኝ ነበር። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አክብራኝ መሆኑ ይገባኛል፤ ግን በሰማሁት ቁጥር አንድ ጥርስ የወለቀብኝ ይመስለኝ ነበር።

ያገናኘን፣ ያጣላንም ማለት ይቻላል፣ ተረከዝ መውጋት ነው። ልጅ ሲወለድ ክብደቱ ያነሰ ከሆነ፣ ወይም ምጡ በዝቶበት ከሆነ፣ ስኳሩ ወርዶ እንዳይጎዳው ደሙን እናያለን። የአራስ ልጅ ጣት ለመውጊያ አይበቃም፣ የደም ሥሩም እንደ ክር የቀጠነ ነው። ስለዚህ ተረከዙን ወግተን አንዲት ጠብታ በመለኪያው ወረቀት ላይ እናኖራለን። ነገሩ ይኸው ነው። እኔ የምወጋው እንደተማርሁት፣ ወይም እንደተማርሁ እንደመሰለኝ ነበር፦ ከኋላ፣ ክብ ከሆነው የተረከዙ መሐል ላይ። ደሙ እንቢ ካለኝ እጨምቀዋለሁ። ልጁ ይጮኻል፣ እናትየው ፊቷን ታዞራለች፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። አንዳንዱ ተረከዝ በማግሥቱ ይጠቁራል። ይጠፋል እያልሁ እሸኛቸዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም ይጠፋል።

ያች የእስቴ ልጅ ግን ጊዜ ትወስዳለች። ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክራ፣ ጨምቃ፣ በራሷ ጉንጭ ላይ አድርጋ ሙቀቱን ታየዋለች። ከዚያ የልጁን እግር ትጠቀልልበታለች። እናትየዋን ጡት እንድታጎርስ ትነግራታለች። አምስት ደቂቃ ያህል ወሬ ታወራለች፤ የትኛው ጎጥ ነሽ፣ ገብሱ ያዘላችሁ ወይ፣ እንዲህ ያለ ወሬ። ከዚያ ላንሴት በምንላት አጭር መውጊያ፣ ከተረከዙ ጎን አንዴ ቸክ ታደርጋታለች። አትጨምቅም። የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠርጋ ሁለተኛዋን ትጠብቃለች። ጠብታዋ ስትመጣ ልጁ ጡቱን እንኳ አይለቅም። የመጀመሪያ ቀን በበሩ ቆሜ አየኋት። እንዴት ጎበዝ ናት አላልሁም። ማን ነው እንዲህ እንድትችል ያደረጋት አልሁ።

ሴቶቹ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። እጇ ቀላል ነው ይባባሉ ጀመር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔን እጅ ቀላል ያለ ሰው አልነበረም፤ እጄ እጅ ነበር፣ በቃ። አንዲት እናት ሦስት ልጆቿን በእኔ እጅ ወልዳ፣ ለአራተኛው እንቁላል በጭድ ጠቅልላ ይዛ መጥታ ለእሷ ሰጠቻት። ያች ልጅ እንቁላሉን ቀቅላ ለሁላችንም አካፈለችን። የኔን ድርሻ በላሁት፤ ግን በደስታ አልነበረም።

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፣ ከኋላ በኩል አጥንቱ ለቆዳው በጣም ቅርብ መሆኑን፣ ጎን ጎኑን መውጋት እንደሚሻል ነገረችኝ። መርፌ አጥንቱን ከነካው ቁስሉ ወደ ውስጥ ይሄዳል አለችኝ። የሕፃን እግር ሥላ፣ የሚወጋበትን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ አጥቁራ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው በዚያው ሳምንት ነው። እኔም አንች ስድስተኛ ክፍል ሳለሽ እኔ ተረከዝ እወጋ ነበር አልኋት። በማግሥቱ የክትባት ፕሮግራም የሚያሳየውን ትልቁን ወረቀት አምጥቼ በሥዕሏ ላይ ለጠፍሁበት። አይታለች። ወረቀቱን አልነካችውም። ይህም አናደደኝ።

ታናሽ እህቴ የወለደችው በዚህ መሐል ነው። ከከተማዋ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ፣ አርሶ አደር አግብታ ትኖራለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጅ አልሆነላትም ነበር። ያልተሳለችበት ታቦት፣ ያልጠጣችው ጠበል አልነበረም። ስታረግዝ የነገረችኝ አራት ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ ብናገረው ይጠፋብኛል ብላ ፈርታ። ምጥ ሲይዛት ባሏ በበቅሎ አመጣት፣ እኔም በእጄ አዋለድኋት። ሴት ልጅ። ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም። ትንሽ ናት፣ ግን ዓይኗ ብሩህ፣ ለቅሶዋ ጤነኛ። እናታችን በሩ ሥር ሆና እልል ስትል ጤና ጣቢያው ተናወጠ።

ክብደቷ ስላነሰ ስኳሯ መታየት ነበረበት፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን በቀኑ ውስጥ ደጋግሞ። መለኪያውን ይዤ ስመጣ እህቴ እጄን ያዘችና ዝግ ባለ ድምፅ፣

«እትዬ፣ ሰው ሁሉ የሚላት ያች ልጅ ብትወጋልኝ ምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

እንግዳ ሴት ብትለኝ እችለዋለሁ። ይህች ግን የእናቴ ልጅ ናት፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት፣ ማንበብ ያስተማርኋት፣ አሁን ደግሞ ልጇን በእጄ የተቀበልሁላት። የእስቴዋ ልጅ ስም እዚያ ገጠር ድረስ ሄዶ ነው የሰማችው። ዛሬ ተረኛ አይደለችም አልኋት። ውሸት ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ፣ በክትባት ክፍሉ፣ አንዱን ልጅ ስታባብል ድምጿ ይሰማ ነበር። እህቴ ድምጿን አታውቀውም።

ሌላም ነገር ነበር። ላንሴት አልቆብን ነበር። ለክፉ ቀን ብላ ጥቂት ያስቀመጠችው ያች ልጅ ናት፣ በራሷ መሳቢያ ውስጥ። ለማግኘት ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው። አልሄድሁም። የስሪንጅ መርፌ ከፍቼ በእሱ ወጋሁ፤ ረጅም ነው፣ ምን ያህል እንደሚገባ የሚያግደው ነገር የለውም። የልጅቷ እግር ቀዝቃዛ ነበር። ጨርቅ ነክሮ ማሞቅን አውቃለሁ፤ በዓይኔ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እሱን ባደርግ ግን የእሷን ሥራ መሥራቴ ሊሆን ነው። በቀዝቃዛው ወጋሁ። ደም እንቢ አለ። እንደገና፣ ከዚያው አጠገብ። ጨመቅሁ። የመጣችው ጠብታ አነሰችና መለኪያው አላነብም አለ። በሦስተኛው፣ ክብ የሆነው መሐሉ ላይ፣ ጠለቅ አድርጌ ወጋሁ፤ ጫፉ ጠጣር ነገር ሲነካ በጣቴ ተሰማኝ። ደሙ መጣ። ስኳሯ ደህና ነበር። ከቀትር በኋላ አንዴ፣ ወደ ማታ አንዴ ደግሜ ወጋኋት፤ በአንድ ቀን በአንዲት ተረከዝ ላይ አምስት። እህቴ አምስቱንም ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጥርሷን ነከሰች። አንዴም ደግማ ያችን ልጅ አላነሳችም።

በማግሥቱ ባሏ በቅሎውን ይዞ መጣ። ከመሄዳቸው በፊት ያች ልጅ የልደት ክትባቱን ልትሰጥ ገባች። ልጅቷን ከጨርቁ ስታወጣ እግሯ ተገለጠ። ተረከዙ ላይ ያሉትን ነጥቦች አየች። ጣቷ እዚያው ቆመ። እኔን ቀና ብላ አየችኝ፤ እናቴ ደግሞ እሷን ታያታለች። ከዚያ ጨርቁን መለሰችና ፈገግ ለማለት እየሞከረች፣ እግሯ እንዴት ያምራል አለች።

ያን ያለችው እኔን ለመሸፈን ነው። ያን ጊዜም ገብቶኛል፣ ዛሬም ይገባኛል። ግን በእኛ አገር አዲስ ልጅ ያየ ሰው ሳያማትብ፣ በስመ አብ ሳይል አያመሰግንም። ያመሰገነ እንደሆነ ዓይኑ ይፈራል። እሷም የዚያው አገር ልጅ ናት፣ ታውቀዋለች፤ በድንጋጤ ረሳችው። እናቴ ግን አልረሳችውም። ነጠላዋን ልጅቷ ላይ ጣል አድርጋ አቅፋ ይዛት ወጣች።

ያች ልጅ በኮሪደሩ ተከትላኝ መጣች። በመርፌ ነው ወይ የወጉት ብላ ጠየቀችኝ፤ በሦስተኛው ቀን ተረከዙን ብናየው ጥሩ ነው፣ ቁስሉ ወደ አጥንት እንዳይገባ አለችኝ። አክስቷ እኔ ነኝ አልኋት።

በሦስተኛው ቀን አልሄድሁም። በአራተኛው ቀን እናቴ ከጉብታው ላይ፣ ኔትወርክ ከሚያዝበት ቦታ፣ በአማቿ ስልክ ደወለችልኝ። አራሷን የምትንከባከበው እሷ ነበረች። የልጅቷ ተረከዝ እንዳበጠ፣ እግሯን ሲነኳት እንደምታለቅስ፣ ጡትም በደንብ እንደማትይዝ ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ጉብታው ላይ ሰው ያለ ይመስል።

«የዚያች የእስቴዋ ልጅ ዓይን ነው። እግሯን ገልጣ አይታ እንዴት ያምራል አለች፤ በስመ አብ እንኳ አላለች። ሰምተሻል አይደል?»

ሰምቻለሁ። የልጅቷን ተረከዝ ያሳበጠው ዓይን አለመሆኑን ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። የጠጣሩን ነገር ንክኪ በጣቴ እንደያዝሁ ነበርሁ። ከአፌ የወጣው ግን «ማን ያውቃል» የሚል ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ፍርሃቱ የመጣው ከኋላ ነው። ቀላል የተባለው እጅ ዛሬ ከብዷል አልሁ በልቤ። ከዚያ ፍርሃቱን ለማስታገስ ቴትራሳይክሊን ቅባት ገዝቼ ወደዚያ ቀበሌ በሚሄድ ሰው ላክሁ። እብጠቱ በቅባት ይጠፋል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። እናቴም በበኩሏ ከአንድ ደብተራ ክታብ አስጽፋ ልጅቷ አንገት ላይ አሰረች፣ ተረከዙን ቅቤ ቀባችው። ሁለታችንም፣ እሷ ባለማወቅ፣ እኔ በማወቅ፣ ልጅቷን እቤት አስቀመጥናት።

እናቴ ነገር በሆዷ አያድርም። በአምስተኛው ቀን ገበያ ነበር፤ ወሬው ከቅቤ ተራ እስከ እህል በረንዳ ደረሰ። በስድስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ የመጡ ሴቶች ያችን ልጅ ሲያዩ የልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። አንዷ ልጇን ከእጇ ላይ መንትፋ ወሰደችባት። ወደ እኔ ክፍል መጡ። አግዳሚው ሞላ። አሥራ ሁለት ዓመት የለመድሁት ሰላምታ ተመለሰ፣ «የኛ ሲስተር» ተባልሁ። ያን ቀን እጄ እንዴት ይቀል እንደነበር! እያንጎራጎርሁ ሠራሁ። የእህቴ ልጅ ተረከዝ ሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ እያበጠ፣ እኔ አንጎራጎርሁ።

በምሳ ሰዓት ያች ልጅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ምን እንዳጠፋች ጠየቀችኝ፤ ሴቶቹ ለምን እንደሚሸሹ አልገባትም ነበር። የገጠር ሰው ነው፣ ይተወዋል አልኋት። ከዚያ የእህቴን ልጅ ነገር አነሳች፣ በሦስተኛው ቀን ታየች ወይ አለች። ደህና ናት አልሁ። እንጀራዋን ጠቅልላ ሳትጨርስ ተነሳች።

በሰባተኛው ቀን፣ ጧት፣ የክትባት ሴቶች አግዳሚውን ሞልተው ሳለ፣ እህቴ በሩ ላይ ታየች። አራስ በሰባት ቀኗ ከቤት አትወጣም፤ ልጅቷ ክርስትና እስክትነሳ ሰማንያ ቀን ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። እሷ ግን ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታለች። ቀሚሷ ጫፉ ድረስ ጭቃ ነበር። እናቴ ከኋላዋ ቁና ቁና እየተነፈሰች ትከተላታለች፤ መንገዱን ሙሉ ተመለሽ ስትላት እንደመጣች ኋላ ሰምቻለሁ። ሴቶቹ ሁሉ ተነሱ። እህቴ ማንንም ሰላም ሳትል ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኝታ ጨርቁን ፈታች።

ተረከዙ የበሰለ ቲማቲም መስሏል። ቅላቱ ቁርጭምጭሚቷን አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ከቅቤው ሥር መግል ይታይ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ልጅቷ አታለቅስም። እግሯን ስነካው ፊቷን ጨፈገግ ብቻ አደረገች፤ ሰውነቷ ይፋጃል፣ አንገቷ ልል ነው። እያየኋት እንደምትሞት አወቅሁ። ካልሞተችም በዚያች እግር እንደማትራመድ አወቅሁ።

ያች ልጅ ከክትባት ክፍሉ ሮጣ መጣች። እናቴ ግን መሐል ገብታ እጇን ዘረጋች።

«አንች አትንኪያት። የበላሻት ይበቃል።»

ሴቶቹ ሁሉ ሰሙ። ያች ልጅም ለምን እንደሚሸሿት የገባት ያኔ ነው። እጆቿ ወደ ጎኗ ወረዱ፣ ከንፈሯ ነጣ። ኃላፊያችን ለስብሰባ ወገዳ ሄዶ ነበር። ስኳሯ መታየት አለበት፣ መርፌ መጀመር አለበት፣ አምቡላንስ መጠራት አለበት። እኔ መለኪያውን አነሳሁ። ወረቀቱን በግልባጩ ከተትሁት፤ አውጥቼ እንደገና በግልባጩ ከተትሁት። እህቴ እጄን ታያለች። ከዚያ ፊቴን አየችኝ። ስድስት ቀን ሙሉ ስታውቅ፣ እናቴ ያችን ልጅ ስትረግም እየሰማች፣ እኔ እንድናገር እየጠበቀች ነበር ዝም ያለችው።

«እትዬ፣ ንገሪያቸው» አለችኝ።

በዙሪያችን ከሠላሳ የማያንሱ ሴቶች ነበሩ። አብዛኞቹን እኔ ነኝ ያዋለድኋቸው።

«እማ፣ የወጋኋት እኔ ነኝ» አልሁ። «በማይወጋ ቦታ፣ በማይወጋ መርፌ፣ አምስት ጊዜ። ይህች ልጅ ምንም አላደረገቻትም። ከጅምሩ እንዳያት ነግራኝ ነበር።»

እናቴ እጇን ቀስ ብላ አወረደች። ታዲያ ስደውልልሽ ለምን ዝም አልሽ አለችኝ። መልሱ አንድ ቃል ነበር፣ ቀንቼ ነው የሚል፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከአፌ አልወጣ አለ። እናቴ ግን ያወቀችው መሰለኝ።

«እንዲያ ከሆነ ዓይኑ ያንች ነው» አለችና ከመንገዱ ዞር አለች።

ያች ልጅ ማንንም አላየችም። የሕፃኗን ሌላኛውን እግር በሞቀ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ እየጠበቀች አምቡላንሱን ራሷ በስልክ ጠራች። ከዚያ ከጎን፣ አንዴ፣ ቸክ። የመጀመሪያውን ጠብታ ጠረገች። ሁለተኛው ክብ ሆኖ፣ ሙሉ ሆኖ መጣ። የእህቴ ልጅ በፊታችን ተዝለፍልፋ ተኝታ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ፣ እንዴት አመጣችው ብዬ ቀናሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ስኳሯ በጣም ወርዶ ነበር። ግሉኮሱን ሰጠቻት፣ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የሚባሉትን መድኃኒቶች ወጋቻት፣ እኔ ስሪንጅ እየከፈትሁ አቀበልኋት። አምቡላንሱ ሲደርስ አንድ ባለሙያ አብሮ መሄድ ነበረበት። ቦርሳዬን አንስቼ መኪናው ላይ ወጣሁ። እህቴ ልጇን ታቅፋ ከውስጥ ሆና፣ እሷ ትምጣልኝ አለች። በጣቷ ያችን ልጅ አሳየች። ወርጄ በሩን ዘጋሁላቸው።

የልጅቷን መጨረሻ አሁን ልንገር። ቁስሉ አጥንቷን ነክቶት ነበር። ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ተኛች፤ በየቀኑ መርፌ፣ በየቀኑ መታጠብ። ትራመድ አትራመድ ሐኪሞቹ ቃል አልሰጡም ነበር። ዛሬ ሁለት ዓመቷን አልፋለች፤ ትሮጣለች፣ ዶሮ ታባርራለች፣ አንደኛው ጫማዋ ብቻ ትንሽ ይሰፋታል። የክርስትና እናቷ ያች ልጅ ናት። በሰማንያኛው ቀን ታቅፋት ቤተ ክርስቲያን ስትገባ እኔ ከኋላ፣ ከዘመድ ጋር ቆሜ ነበር። ለኃላፊያችን የሆነውን ሁሉ በራሴ እጅ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ተረከዝ መውጋትም እንደ ተማሪ ሆኜ ከእሷ ተምሬያለሁ። እህቴ ሰላም ትለኛለች፣ በዓል ሲሆን ትጠራኛለች፣ ልጇን ግን ሰጥታኝ ወደ ሌላ ክፍል አትሄድም።

ይህ ሁሉ አልፏል። የማያልፍልኝ አምቡላንሱ የሄደ ዕለት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተደወለው ስልክ ነው። ያች ልጅ ናት፣ ከሆስፒታሉ። ደርሰናል፣ ተቀብለውናል አለችኝ። እሽ አልኋት። እህቴ የት ናት ብዬ ጠየቅሁ። እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ደክሟታል አለች። መንገድ ላይ ስለ እኔ ምን አለች አልሁ። ምንም አላለችም አለች። ለአንችስ፣ ምን አለችሽ፣ አመሰገነችሽ ወይ አልኋት።

«ሲስተር» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እርስዎ ስለ ልጅቷ እኮ አልጠየቁኝም።»

ያኔ ነው የሰማሁት። በስልኩ ውስጥ ሕፃኗ ታለቅስ ነበር። ስልኩን ካነሳሁበት ጊዜ ጀምሮ ስታለቅስ ነበር።